ለውቅያኖስ የምትሆን ያገለገለች ጀልባ ፍለጋ፦ ከአባባ ጋር የዞርንበት ዓመት

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሥራዬ ነርስ ነው። ካለፉት ሦስት ዓመታት ወዲህ ግን ሰው ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ ስለ ሆስፒታል አይደለም፤ ስለ ጀልባዬ ነው። በቅርቡ ሁለት የሰፈራችን ልጆች ደወሉልኝ። አናፖሊስ ሄደው በሸራ መጓዝ ተምረዋል። አሁን ያገለገለች ጀልባ ገዝተው አትላንቲክን ማቋረጥ ይፈልጋሉ። ገንዘባቸው ትንሽ ነው፤ ጉጉታቸው ግን ትልቅ ነው። እኛም ስንጀምር እንደዚያው ነበርን። ለእነሱ በስልክ የነገርኳቸውን እዚህ በሰፊው ልጻፈው፤ ሌላም የሚፈልገው ሰው ይኖራል።

በመጀመሪያ ስለ አባባ ልንገራችሁ። አባባ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። ወጣት ሳሉ ምጽዋ ላይ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል መርከበኛ ነበሩ። ያገለገሉት "ኢትዮጵያ" በተባለችው መርከብ ላይ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1962 ለአገራችን የሰጠቻት፣ ከዚያ በፊት "ኦርካ" ትባል የነበረች መርከብ ናት። ስለ ሸራ ጀልባ ብዙም አያውቁም። ጨው ውሃ ብረትን ምን እንደሚያደርገው ግን በደንብ ያውቃሉ። ጀልባ ልናይ በሄድን ቁጥር ባለቤቴና እኔ ይዘናቸው ሄድን። ከደላላውም ካነበብነውም በላይ የረዱን እሳቸው ናቸው።

ሳትገዙ በፊት በሰው ጀልባ ሂዱ። አናፖሊስ ውስጥ ሰመሩን ሙሉ ረቡዕ ማታ የሸራ ጀልባ ውድድር አለ። ብዙ ባለጀልባ ገመድ የሚስብለት ሰው ስለሚያጥረው ጀማሪም ቢሆን ይወስዳል። እኔ ሁለት ሰመር በሰው ጀልባ ላይ ገመድ ስቤ ነው የተማርኩት። አንድ ሳንቲም አልከፈልኩም። ከዚህ ሌላ አንድ ጊዜ ሌሊት የሚያሳድር ጉዞ ፈልጉና ውጡ። ባሕር ይዟችሁ ሆዳችሁ እየታወከ፣ ጨለማ ውስጥ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስታችሁ በተራችሁ ጀልባዋን መጠበቅ ምን እንደሚመስል እወቁ። ጀልባ የምትመርጡበት ዓይን ከዚያች ሌሊት በኋላ ይለወጣል።

እኛ ፍለጋ ስንጀምር የምናውቀው አንድ ነገር ነበር። ከቨርጂኒያ ተነስተን አትላንቲክ ላይ ያሉትን ደሴቶች፣ መጀመሪያ ቤርሙዳ፣ ከዚያ አዞርስ መድረስ እንፈልጋለን። ሁለት ሰው ነን። ስለዚህ ሁለት ሰው፣ አንዱ ታሞ ቢተኛ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን፣ ሊያዛት የምትችል ጀልባ ያስፈልገናል። ይህን አስቀድሞ መወሰን ትልቅ ነገር ነው። ጀልባ የምትለካው በጫማ ነው፤ ወጪዋም የሚከተለው ጫማውን ነው። ወደቡ በጫማ ያስከፍላል። መርማሪው በጫማ ያስከፍላል። ሸራውም፣ ገመዱም፣ የታች ቀለሙም አብሮ ያድጋል። ከ32 እስከ 38 ጫማ ብለን ወሰንን።

ወሰንን እንጂ የመጀመሪያ ያየናት ጀልባ 42 ጫማ ነበረች።

በጣም ታምራለች። ነጭ ናት፤ መስኮቶቿ ሰፋፊ ናቸው፤ ሳሎኗ እንደ አፓርታማ ነው። ከኋላ ሁለት ሰው እንደልቡ የሚገላበጥበት ሰፊ አልጋ አላት። ባለቤቴ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ "ይቺ ናት" አለ። እኔም ልቤ ሄዷል። አባባ ግን ሳሎኑን አላዩም። ቁልቁል ሄደው ከወለሉ አንዱን ጣውላ አነሱ። ሥሩ ቢልጅ ይባላል፤ ጀልባ ውስጥ የገባ ውሃ ሁሉ የሚጠራቀምበት ጎድጓዳ ቦታ ነው። ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ምላሳቸውን አስነኩት። "ጨው ነው" አሉ። ከዚያ ተነስተው ሳሎኑ መሀል ቆሙ። ዙሪያቸውን አዩና "ልጄ፣ ጀልባዋ ስታጋድል ምን ትይዣለሽ?" አሉኝ።

ምንም የሚያዝ ነገር አልነበረም። ከአንዱ ግድግዳ እስከ ሌላው አራት ሜትር ባዶ ነው። ወደብ ላይ ስትቆም ያ ስፋት ደስ ይላል። ሦስት ሜትር ማዕበል ላይ ግን ሰው የሚወረወርበት ሜዳ ነው። እኔ ሆስፒታል ውስጥ ወድቀው ጎናቸው የተሰበረ ሰዎች አያለሁ፤ ከመሬት በ700 ማይል ርቀት ላይ የጎን አጥንት መሰበር ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ። አልጋውም እንዲሁ ነው። ባሕር ላይ ሰው የሚተኛው ጠባብ አልጋ ላይ፣ በጀልባዋ ወገብ አካባቢ፣ በጨርቅ ተደግፎ ነው። ሰፊ አልጋ ላይ ሲንከባለል ያድራል እንጂ አይተኛም።

ማታ ቤት ገብቼ አንድ ቀላል ስሌት ሠራሁ። ይህ ስሌት የመጣው ከአንድ አሳዛኝ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1979 ፋስትኔት በሚባለው የእንግሊዝ ውድድር ላይ 303 ጀልባዎች ወጥተው ማዕበል መሀላቸው ገባ። 15 ተወዳዳሪዎች ሞቱ። ብዙ ጀልባዎች ተገለበጡ። ከዚያ በኋላ በተደረገው ጥናት ሰፋ ብለው ቀለል ያሉ ጀልባዎች በቀላሉ እንደሚገለበጡ፣ ከተገለበጡም ቶሎ እንደማይመለሱ ታየ። ስሌቱ እንዲህ ነው። የጀልባዋን ክብደት በፓውንድ ወስዳችሁ ለ64 ታካፍላላችሁ። የውጤቱን ኪዩብ ሩት ታወጣላችሁ። ከዚያ የጀልባዋን ወርድ በጫማ ወስዳችሁ ለዚያ ታካፍላላችሁ። መልሱ ከ2 በታች ከሆነ ጥሩ ነው። ያቺ ውብ ጀልባ 2.06 ወጣች። አሁን ያለችን ጀልባ ወርዷ 11 ጫማ፣ ክብደቷ 18,000 ፓውንድ ነው፤ 1.68 ትወጣለች።

ስሌቱ ሁሉን ነገር አይናገርም። ክብደቱ የት እንዳለ አያይም። ታች ኪሉ (ጀልባዋን ቀጥ አድርጎ የሚያቆማት የታች ክብደት) ላይ ያለ የእርሳስ ብረትና ላይ ምሰሶው ጫፍ ላይ ያለ ራዳር ለስሌቱ አንድ ናቸው። ስለዚህ ለመጣል ተጠቀሙበት፤ ለመምረጥ አይበቃም። ያቺ 42 ጫማ ጀልባም መጥፎ ጀልባ አይደለችም። ለቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ፣ ቅዳሜና እሁድ ከልጆች ጋር ለመውጣት ደስ የምትል ናት። ለእኛ ጉዞ ግን አልተሠራችም።

ሁለተኛዋ ጀልባ የተገላቢጦሽ ነበረች። 34 ጫማ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 የተሠራች፣ ጠንካራ ስም ያላት፣ ዋጋዋ 19,000 ዶላር ብቻ። ወረቀቱ ላይ የምንፈልጋት እሷ ነበረች። ስለ እሷ በደንብ ልጻፍ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው።

የፋይበርግላስ ጀልባ ዴክ፣ ማለትም የምትራመዱበት የላይኛው ወለል፣ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሳንድዊች ነው። ላይና ታች ስስ ፋይበርግላስ ነው። መሀሉ ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት ወይም ኮምፔንሳቶ ነው። ይህ አሠራር ዴኩን ቀላልና ጠንካራ ያደርገዋል። ችግሩ ግን እያንዳንዱ ብሎን መሀል ያለውን እንጨት ቀድዶ ነው የሚያልፈው። በብሎኑ ዙሪያ የተቀባው ማሸጊያ ከ10 ወይም ከ15 ዓመት በኋላ ይደርቃል። ውሃ በጠብታ መግባት ይጀምራል። ማንም አያየውም። ከውጪ ቀለሙ አዲስ ነው። ውስጡ ግን እንደ ራሰ ዳቦ ሆኗል።

ሰርቬየር የሚባለው የጀልባ መርማሪ ይህን የሚያውቀው ትንሽ የፕላስቲክ መዶሻ ይዞ ዴኩን እየነካካ በማዳመጥ ነው። ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የበሰበሰው ቦታ ድምፁ የታፈነ ነው። እኛ መርማሪ ሳንቀጥር በፊት አባባ በጣታቸው መገጣጠሚያ አንኳኩተው አገኙት። ምሰሶው አጠገብ ተንበርክከው "ስሚ" አሉኝ። አንድ ክንድ ወደ ግራ ሄደው ደግሞ አንኳኩ። እንደኔ ሆድ ሲያንኳኳ ለኖረ ሰው ልዩነቱ ግልጽ ነበር። ከዚያ ምሰሶው ሥር እስከ ፊት ድረስ ሁሉም የታፈነ ነው። ስንራመድበትም በትንሹ ይረግባል። የላይኛውን ፋይበርግላስ ቆርጦ፣ የበሰበሰውን አውጥቶ፣ አዲስ እንጨት አስገብቶ መልሶ ለማሸግ አንድ ጋራዥ 22,000 ዶላር ጠየቀን። ከጀልባዋ ዋጋ በላይ ነው። በእጃችሁ የምትሠሩት ከሆነ እቃው ርካሽ ነው፤ ግን አንድ ሙሉ ሰመር ይወስዳል። ይህን አስባችሁበት ከገባችሁበት ጥሩ። ሳታውቁ ከገዛችሁት ግን ጀልባዋ ግቢ ውስጥ ትቀራለች።

ሦስተኛዋ ላይ ብዙ አልቆየንም። ደላላው "ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ይነሳል" አለን። እውነትም ተነሳ። አባባ ግን ከመነሳቱ በፊት እጃቸውን ሞተሩ ላይ አሳርፈው ነበር። "ሞቋል እኮ" አሉኝ በአማርኛ። ከእኛ በፊት አስነስተው አሙቀውታል። የደከመ ዲዝል ሞተር ሲቀዘቅዝ ነው የሚያስቸግረው፤ ሲሞቅማ ማንም ይነሳል። ልታዩ ስትሄዱ ሞተሩ ቀዝቃዛ እንዲሆን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከተነሳ በኋላ ጭሱን እዩ። ቆይቶም የማይጠፋ ሰማያዊ ጭስ ዘይት እያቃጠለ ነው ማለት ነው። በጭነት ጊዜ የሚወጣ ጥቁር ጭስ አየር ወይ ነዳጅ አልተመጣጠነም፣ ወይ ፕሮፔለሩ ቆሽሿል ማለት ነው። ከዘይቱ ትንሽ ቀድታችሁ ላቦራቶሪ ላኩ። ዋጋው እንደ አንድ እራት ነው። ዘይቱ ውስጥ የተገኘው ብረት የትኛው የሞተሩ ክፍል እያለቀ እንደሆነ ይነግራችኋል። ለእኔ ልክ እንደ ደም ምርመራ ነው።

አራተኛዋን ያገኘናት ዴልታቪል በምትባል ትንሽ የቨርጂኒያ ከተማ ነው። 37 ጫማ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የተሠራች። የፋብሪካዋን ስም ሆን ብዬ ነው የማልጠቅሰው። አንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ የሠራቸው ሁለት ጀልባዎች ከ40 ዓመት በኋላ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። አንዷን የያዛት ሰው ተንከባክቧታል፤ ሌላዋን ዝናብ ውስጥ ትቷታል። በስም ብቻ የሚፈልግ ሰው ሁለተኛዋንም ይገዛል።

ይህን ስል ስም አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። ለመነሻ የሚሆኑ ስሞች አሉ፤ ሰዎች የሚጠይቁኝም እሱን ነው። ዌስትሴል 32 ከባድና ዘገምተኛ ናት፤ ግን ትችላለች። እ.ኤ.አ. በ1991 በታወቀው የአትላንቲክ ማዕበል ሳቶሪ ከምትባል ዌስትሴል 32 ላይ ሰዎቹን የባሕር ጠባቂዎች አነሷቸው። ባዶዋን የቀረችው ጀልባ ራሷን ችላ ተንሳፍፋ በኋላ አሳቲግ ደሴት አሸዋ ላይ ተገኘች። ኮንቴሳ 32 ትንሽና ጠባብ ናት፤ በዚያ በ1979ኙ ፋስትኔት ከምድቧ የጨረሰችው ብቸኛ ጀልባ አሰንት የተባለች ኮንቴሳ 32 ነበረች። ታያና 37 ሮበርት ፔሪ የነደፋት፣ ታይዋን ውስጥ በመቶዎች የተሠራች ናት። የቆዩት ላይ የነዳጅ ታንከራቸው ጥቁር ብረት ስለሆነ ዝገቱን እዩ። ቫሊያንት 40ም የፔሪ ሥራ ናት፤ ብዙ ውቅያኖስ አቋርጣለች። ግን እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1981 ገደማ የተሠሩት እሳት የሚከላከል ነገር በተጨመረበት ሬዚን (ፋይበርግላሱን በሚያጣብቀው ሙጫ) ምክንያት ገላቸው ላይ እንደ ቃጠሎ ውሃ የቋጠረ እብጠት ያወጣሉ። ፓሲፊክ ሲክራፍት 37 ደግሞ ቢል ክሪሎክ የነደፋት፣ እስካሁን ዋጋዋን የያዘች ጀልባ ናት። ለእኛ ውድ ነበረች።

ወደ ዴልታቪል ልመለስ። ሻጩ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እንደገባን ወፍራም ደብተር አወጣ። 19 ዓመት የጻፈው ነው። ዘይት የተቀየረበት ቀንና የሞተሩ ሰዓት አለ። ቫልቭ የተቀየረበት አለ። አንድ ገጽ ላይ "ዛሬ ጭቃ ላይ ወጣሁ፤ ቀስ ብዬ ነው፤ ጠላቂ አስገብቼ አስመረመርኩ" ይላል። ባለቤቴ ይህን ሲያነብ ደነገጠ። እኔ ግን ደስ አለኝ። የበሽተኛ ካርድ ላይ ሁሉም ነገር "ጤነኛ" ተብሎ ከተጻፈ ያልተመረመረ ሰው ነው። ስህተቱን የሚጽፍ ባለጀልባ ሌላውንም አይደብቅም።

አባባ ጣውላ አነሱ። ቢልጁ ደረቅ ነበር። አቧራ አለበት።

ከዚያ በኋላ ነው መርማሪ የቀጠርነው። እዚህ አሜሪካ ሳምስ ወይም ናምስ የሚባሉት ማኅበራት አባል የሆነ መርማሪ ፈልጉ። ደላላው የሚጠቁማችሁን ሳይሆን ራሳችሁ ያገኛችሁትን ቅጠሩ። ዋጋ ስትስማሙ ውሉ ላይ ቀብድ ትከፍላላችሁ፤ ብዙ ጊዜ ከመቶ አሥር ነው። ውሉ ላይ "በምርመራና ባሕር ላይ በሙከራ ካልረካሁ ቀብዱ ይመለስልኛል" የሚለው መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። ለመርማሪው 1,050 ዶላር፣ ጀልባዋን በክሬን ከውሃ ለማውጣት 480 ዶላር ከፈልን። የምርመራው ቀን ሙሉ አብራችሁ ዋሉ። የሚጽፈው ሪፖርት ጥሩ ነው፤ እየሠራ አፉ የሚናገረው ግን ይበልጣል።

ሁለት ነገር አገኘ። የመጀመሪያው ቼይንፕሌት ነው። ምሰሶውን ግራና ቀኝ ወጥረው የሚይዙት ሽቦዎች ታች ከጀልባዋ ገላ ጋር የሚታሰሩት በብረት ሳህኖች ነው። ቼይንፕሌት ይባላሉ። ዴኩን ቀድደው ነው የሚወርዱት። የሚሠሩት ከማይዝግ ብረት ነው። ይህ "አይዝግም" የሚባል ብረት ሳይዝግ የሚቆየው ኦክስጅን ሲያገኝ ነው። አየር ሲነካው ላዩ ላይ ስስ መከላከያ ያበጃል። ዴኩ ውስጥ በተቀበረበት ቦታ ግን አየር የለም፤ እርጥበት ብቻ ነው ያለው። እዚያ መከላከያው ይፈርስና ከውስጥ ይቦረቦራል። ላይ የሚታየው ጫፍ ያበራል። ታች የሚታየው ጫፍም ያበራል። መሀሉ፣ የማይታየው፣ ግማሽ አልቋል። አንዱ ከተበጠሰ ምሰሶው ይወድቃል።

መርማሪው ውስጥ ገብቶ ከአንዱ ቼይንፕሌት ሥር እንጨቱ ላይ ቡናማ መስመር አሳየን። አንዱን ፈትተን እንድናወጣ ሻጩ ፈቀደልን። ስናወጣው መሀሉ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለ። ጥፍሬን አሳለፍኩበት፤ ያዘኝ። ይህን ያህል ዓመት ምሰሶውን ይዞ የቆመው ይኸው ነው።

ሁለተኛው የመሪው ክንፍ ነው፤ ከኋላ ውሃ ውስጥ ሆኖ ጀልባዋን የሚያዞረው። ውጪው ፋይበርግላስ፣ ውስጡ ፎም ነው። መሀል ላይ የብረት ዘንግ አለ፤ ከዘንጉ ላይ እንደ ጎድን የተበየዱ ብረቶች ወጥተው ክንፉን ይይዛሉ። ውሃ በዘንጉ ጥግ ይገባል። ከላይ እንዳልኩት፣ አየር የሌለው እርጥብ ቦታ ነው። ብየዳው ከተበላ ዘንጉ ይዞራል፤ ክንፉ አይዞርም። መርማሪው በሻጩ ፈቃድ ከታች ትንሽ ቀዳዳ በሳ። ውሃ ጠብ ጠብ አለ። ንጹሕ ነበር። ቡናማ ቢሆን ኖሮ ውስጡ ዝጓል ማለት ነበር፤ እኔም ያን ቀን ወደ ቤት እመለስ ነበር። አስደርቀን አሸግነው።

ኪሉን ደግሞ ልብ በሉ። ኪል ከታች የሚንጠለጠለው ክብደት ነው፤ ጀልባን ቀጥ አድርጎ የሚያቆማት እሱ ነው። የእኛዋ እርሳሱ ፋይበርግላስ ውስጥ የተቀበረ ነው። በብሎን የታሰሩም አሉ፤ እነሱም ጥሩ ናቸው። በብሎን ከታሰረ ግን ጀልባዋ መሬት መትታ ታውቅ እንደሆን ደጋግማችሁ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2014 ቺኪ ራፊኪ የተባለች 40 ጫማ ጀልባ ከአንቲጓ ወደ እንግሊዝ ስትመለስ መሀል አትላንቲክ ላይ ኪሏ ወለቀ። አራቱም መርከበኞች ሞቱ። የእንግሊዝ የባሕር አደጋ መርማሪዎች ከዚያ በፊት መሬት መንካቷ፣ ኪሉን የሚደግፈው የውስጥ አጥንትም ከገላው ሳይላቀቅ እንዳልቀረ ጻፉ። ከወለሉ ሥር ያንን አጥንት በባትሪ እዩ። ጠርዙ ላይ ስንጥቅ ወይም ክፍተት ካለ፣ ወይም አዲስ ስቱኮ ከተቀባ፣ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። እንደ መኪና ቦዲ ነው፤ አዲስ ቀለም የሆነ ነገር ይሸፍናል።

ከገላዋ የሚወጡ ቧንቧዎች ቫልቭ አላቸው። ሁሉንም በእጃችሁ ክፈቱ፤ ዝጉ። የማይዞር ካለ በዝርዝራችሁ ያዙት። ነሐስ (ብሮንዝ) ሳይሆን ዚንክ ያለበት ናስ (ብራስ) ከሆነና ብሎኑ ወይም ቫልቩ ሮዝ ቀለም ካመጣ ዚንኩ ተበልቶ አልቋል፤ በእጅ ይሰበራል። ስለ ኤሌክትሮኒክሱ ግን ብዙ አትጨነቁ። ሻጮች "ይህ ሁሉ ስክሪን አለው" ብለው ዋጋ ይጨምራሉ። አምስት ዓመት ያለፈው ስክሪን ዋጋ የለውም።

ባሕር ላይ የሞከርናት ነፋሱ 15 ኖት (በሰዓት 15 ኖቲካል ማይል) በሆነበት ቀን ነው። ሸራዋን ዘርግታ ስታጋድል ወርጄ ምድጃው ጋር ቆምኩ። ሻይ አፈላሁ። ወገቤን ደግፌ፣ አንድ እጄን ነፃ አድርጌ፣ ሳይፈስብኝ አፈላሁ። ጠባብ ናት። የትም ብትሆኑ የምትይዙት እንጨት አለ። መሀል አልጋው ላይ ሩብ ሰዓት ተኛሁ። ባለቤቴም እንደዚያው አደረገ። ሻጩ ይህን ሲያይ ፈገግ አለ፤ "የመጡት ሁሉ ስክሪኑን ነው የሚነኩት" አለን።

58,000 ነበር የጠየቀው። በቼይንፕሌቱና ዕድሜያቸው 17 ዓመት በሆናቸው የምሰሶው ሽቦዎች ምክንያት 46,000 ላይ ተስማማን። ሽቦዎቹን ኢንሹራንሱም አይቀበላቸውም ነበር። ብዙ ኩባንያ ከ10 ወይም ከ15 ዓመት በላይ የሆነ ሽቦ ይዛችሁ ውቅያኖስ እንድትወጡ አይፈቅድም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ኢንሹራንስ ጋር ደውሉ። ቀድመው የሚጠይቁትን ይነግሯችኋል።

የጀልባዋን ወረቀት እንደ መኪና ሊብሬ አትቁጠሩት። አሜሪካ ውስጥ በባሕር ጠባቂው መዝገብ ላይ የተመዘገበች ከሆነች የባለቤትነት ታሪኳን አስወጡ። የተመዘገበ ዕዳ ካለባት እዚያ ላይ ይታያል፤ ዕዳው ጀልባዋን ነው የሚከተለው። በዚህ መዝገብ ላይ መመዝገብ የሚችለው የአሜሪካ ዜጋ ብቻ ነው። ግሪን ካርድ ላይ ያላችሁ በስቴት ታስመዘግባላችሁ። ሜሪላንድ ከዋጋው ላይ 5 ከመቶ ግብር አለባት፤ ይህንንም ሒሳብ ውስጥ አስገቡ።

ብሩን በግልጽ ልንገራችሁ፤ እኔን ማንም አልነገረኝም። ከገዛናት በኋላ 31,000 ዶላር ወጣባት። ሽቦዎቹና ቼይንፕሌቶቹ 11,000 ገደማ፣ ሁለት ሸራ 8,000፣ ነፋስን እየተከተለ ራሱ የሚነዳው መሪ 5,000፣ የሕይወት ማዳኛ ጀልባ፣ መልሕቅና ሰንሰለት፣ ቀሪው ደግሞ ትንንሽ ነገር። 80,000 ያለው ሰው የ80,000 ጀልባ አይግዛ። 45,000 ወይም 50,000 ያወጣባትና የቀረውን ይያዝ። ለሁለቱ ልጆች አጥብቄ የነገርኳቸው ይህንን ነው።

ባለፈው ግንቦት ቨርጂኒያ ውስጥ ካለችው ከሃምፕተን ወጣን። እስከ ቤርሙዳ 640 ኖቲካል ማይል ነው። በሁለተኛው ቀን ገልፍ ስትሪም የሚባለውን ወንዝ የመሰለ የባሕር ጅረት አቋረጥን። እስከ አራት ኖት ፍጥነት ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይፈሳል። ነፋስ ከሰሜን ሲመጣበት ውሃው እንደ ግድግዳ ይቆማል፤ ስለዚህ ነፋሱ ዞሮ ከደቡብ ምዕራብ መንፈስ እስኪጀምር ሦስት ቀን ወደብ ጠብቀን ነበር። እንደዚያም ሆኖ ሌሊቱን በሙሉ ተንገላታን። ተራዬ በደረሰ ቁጥር ባትሪ ይዤ ወርጄ ቼይንፕሌቶቹን አየሁ። ደረቅ ነበሩ። የምድጃው መቀርቀሪያ ተሰበረ። አንድ መስኮት ማንጠባጠብ ጀመረ። ሌላ ምንም አልሆነችም።

በስድስተኛው ቀን ጧት ቤርሙዳ ላይ ሴንት ጆርጅስ ገባን። መልሕቅ ጥለን አባባ ጋ ደወልኩ። "ደረስን" ስላቸው እግዚአብሔርን አመሰገኑ። ወዲያው ግን "ጣውላውን አንሺና እዪው" አሉኝ። ስልኩን ሳልዘጋ አነሳሁት። ሁለት ብርጭቆ የሚሆን ውሃ ነበር።

"ጨው አለው?"

ጣቴን ነክሬ ቀመስኩት። "የለውም፣ አባባ።"

"እንግዲያው ከታንከሩ ነው። ቱቦውን ተከተዪው።"

ተከተልኩት። ከውሃ ታንከሩ የሚወጣው ቱቦ ፋሸታው ላልቶ ነበር። በካቻቪቴ አጠበቅኩት።